ሽንኩርት የማይበላ ትል

የመጀመሪያ ክርክሬን ያሸነፍኩት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሽንኩርት መደብ ውስጥ ቆሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አሸንፌያለሁ፤ በጋዜጣ፣ በስብሰባ፣ ሁለት ጊዜም ፍርድ ቤት ቀርቤ። የረታኋቸው ሰዎች ኋላ ምን እንደሆኑ አልጠይቅም፤ አመሌ አይደለም። የመጀመሪያው ሰውዬ ብቻ ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ። እሱ የተረታው መልስ አጥቶ አልነበረም።

ጓሯችን ከቤቱ ጀርባ፣ በልብስ ማስጫው ገመድና በጎረቤት የሽቦ አጥር መካከል የተጨመቀች ነበረች። ሁለት መደብ ጥቅል ጎመን፣ አንድ መደብ ቲማቲም፣ አንድ ካሮት፣ ሁለት ሽንኩርት፤ ከዚያ በላይ አትይዝም። ባለቤቱ በስም አባቴ፣ በጉልበት አክስቴ ነበረች። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ እኛ ቤት የገባችው እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ስለነበረች አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ተረኛ ናት። ያጠበችኝም፣ ያበላችኝም፣ ጸጉሬን የጎነጎነችኝም አክስቴ ናት።

አባቴ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። እንጀራው የሰው ስህተት ነው። ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል እንጂ ቀይ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አያወርድም፤ የብስኩት ካርቶን ላይ ያለ ጽሑፍ ሳይቀር ያርማል። እኔንም በዚያው ገራኝ። አንድ የታተመ ገጽ ይሰጠኝና «ሦስት ስህተት አለ፤ አውጪ» ይለኛል። ሦስቱንም ሳወጣ ራሴን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ይላል። በሌላ ነገር አይልም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስህተት ፍለጋ እቅበዘበዝ ነበር፤ የአስተማሪዬን ሰሌዳ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የእናቴን የመድኃኒት ዝርዝር።

አክስቴን ሁለት ሰዎች ሊያገቧት ጠይቀው ነበር። አንደኛው «ሹፌር ነው» ተብሎ፣ ሁለተኛው «ንግግሩ አልጣመኝም» ተብሎ ከበር ተመልሰዋል። መላሹ አባቴ ነው። ስለ ቤተሰብ ክብር ሰፊ ንግግር ያደርግ ነበር፤ ዛሬ ንግግሩ ትዝ ሲለኝ ያ ቀይ እርሳስ ያምረኛል። ክብር ብሎ የጠራው ነገር ሌላ አልነበረም፤ እሷ ከሄደች ማን ልብስ ያጥባል፣ ማን ልጅ ያሳድጋል፣ ማን ጓሮ ይኮተኩታል ነው። በዚያ ቤት ሕግ ግቢያችንን ሊረግጥ የሚችል ወንድ በሥራ የመጣ ብቻ ነበር። ቆጣሪ አንባቢ፤ ቧንቧ ሠሪ። አንድ ዓመት ደግሞ፣ ተባይ ምስጋና ይግባውና፣ ባለ ማጉሊያው።

በዚያ ዓመት ጎመኑን ተባይ ወረረው። ጠዋት ሙሉ የነበረው ቅጠል ማታ ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ከቅጠሉ ጅማት በቀለም የማይለይ አረንጓዴ ትል ጅማቱን ተከትሎ ተዘርግቶ ይበላል። የጎመኑ እምብርት ውስጥ ደግሞ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር አለ፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት አመዱ ይራመዳል። አባቴ ለግብርና ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ጻፈ። ነጠላ ሰረዝ ያልጎደለው አቤቱታ ስለነበር ይመስለኛል ቶሎ ሰው ላኩ።

የተላከው ረጅም፣ ቀጭን፣ እጅጌው ሁልጊዜ የተጠቀለለ ሰውዬ ነው። አንገቱ ላይ በክር የተንጠለጠለ ማጉሊያ መስታወት ነበረው፤ ስሙን አባቴ ብቻ ነው በአቤቱታ ምላሹ ላይ ያነበበው፤ እኛ ባለ ማጉሊያው አልነው። በመጣበት ቀን ለሱሪው ሳይሳሳ ጭቃው ላይ ተንበረከከና ጎመኑን እንደ ታማሚ ልጅ አገላብጦ አየው።

«ተባይ ከፊት ለፊት አይታደንም» አለ። «ቅጠሉን ገልብጡት። ሌባ የሚደበቀው ከጀርባ ነው።»

ገለበጥን። ቢጫ እንቁላሎች እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድረው ቆመዋል። «እነዚህን በአውራ ጣት። ትሉን በእጅ ለቅማችሁ የሳሙና ውሃ ውስጥ። ይሄ አመድ መሳዩ ክሽክሽ ይባላል፤ እሱን በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ሳሙናው ግን እንዳይበዛ።» አንዲት ቀይ፣ ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ጣቱ ላይ ወጣች። «ይቺን እንዳትነኳት። ክሽክሽ የምትበላ ናት። ከኔ የተሻለች ባለሙያ፤ ደመወዝም አትጠይቅ።»

አክስቴ ሳቀች። አክስቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ የዚያን ቀን እጇ ጭቃ ስለነበር አልሸፈነችም።

እኔን «ዋና አዳኝ» ብሎ ሾመኝና ባለ ሥዕል መጽሐፍ ሰጠኝ። የጓሮ አትክልት ተባዮች በየገጹ ተሥለውበታል፤ ከሥዕሉ ሥር ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚመጡ፣ እንዴት እንደሚጠፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በቃሌ ያዝኩት። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጤዛው ሳይረግፍ ጓሮ ነኝ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ጓሮ ነኝ። ክፍል ውስጥ እንኳ እጄ ከጠረጴዛው ሥር እንቁላል ይፈልጋል። ባለ ማጉሊያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ እኔ ከረቡዕ ጀምሮ አልበላም አልጠጣም።

በስድስት ሳምንት ጎመኑ ጸዳ። በሰባተኛው ጠቀለለና ተቆረጠ። ባለ ማጉሊያው ባዶው መደብ ዳር ቆሞ ማጉሊያውን በክሩ ሲያሽከረክር አስታውሳለሁ።

«እንግዲህ…» አለ።

«እንግዲህ» አለች አክስቴ።

የማይረባ ወሬ መሰለኝ። ከዚያ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሽንኩርቱን ግን መከታተል ሳይሻል አይቀርም» አለ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሽንኩርቱ ላይ ትል ነበር።

አንድ ረቡዕ ሲመሻሽ አክስቴ አጥሩ ሥር ተንበርክካ አየኋት። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጓሮ የጡረተኛው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰውዬው ጎመን ይተክላል እንጂ ዞር ብሎ አያየውም፤ ቅጠሉ ትል በትል ነው። እጇን በሽቦው ቀዳዳ አሾልካ ትሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ባዶ የቅባት ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ደነገጠች። «ለጎረቤት እየለቀምኩለት። ሽማግሌ አይደል? ዓይኑ አያይለት።»

አመንኳት። አክስቴ ደግ መሆኗን ድሮም አውቃለሁ። በማግስቱ ለክፍል ጓደኞቼ «አክስቴ የሽማግሌ ተባይ በነጻ ትለቅማለች» ብዬ አውርቻለሁ።

ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ያልገባኝ ነገር ነበር። እናቴ ከተረኛ ሥራዋ ተመልሳ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ፣

«ዘንድሮ ሽንኩርቱን ተባይ ጠናበት አሉ» ትላለች።

«ጠናበት» ትላለች አክስቴ፤ ካሮት እየላጠች።

«ይተላለፍ ይሆን?»

«እኔንጃ። ይተላለፋል መሰለኝ።»

«ትኩሳትስ አለው?»

ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። እናቴ እንባዋን በፎጣ ትጠርጋለች። እኔ በር ላይ ቆሜ በንዴት እበግናለሁ፤ ሰብላችን እየጠፋ እነዚህ ይስቃሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ባለ ማጉሊያው ነው። ድሮ እኔን ነበር የሚያስተምረኝ። አሁን ገና ከመምጣቱ «ዋና አዳኝ፣ እስቲ ውሃ» ይለኛል። አመጣለሁ። ይጠጣና «እስቲ ትንሽ ልድገም።» እንደገና አመጣለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ግመል እንኳ ያን ያህል አይጠጣም። በአራተኛው ስመለስ ለአክስቴ «አንቺ» ሲላት ሰማሁ። እኔን ሲያይ ወዲያው «እርስዎ» አለና ስለ ማዳበሪያ ማውራት ጀመረ። ባለጌ ነው ብዬ ያዝኩበት። እሷ ባትናደድም እኔ ተናደድኩላት።

የተቀየመ ሰው መጽሐፍ በደንብ ያነባል። ገጽ አሥራ አራትን ሺህ ጊዜ ባነበውም ያን ሳምንት እንደ አዲስ አነበብኩት። የጎመን ትል። ሥዕሉ ሽንኩርታችን ላይ ያለው ትል ራሱ ነው። ከሥሩ፦ «የጎመን ዘሮችን ብቻ ያጠቃል።»

ወጥቼ ሽንኩርቱን መረመርኩ። ትሎቹ አሉ፤ ቅጠሉ ግን አንድም ቦታ አልተነከሰም። አንዱን ትል ቁጭ ብዬ ተከታተልኩት። በሽንኩርቱ ቅጠል ላይ ወደ ላይ ወጣ፤ ጫፍ ሲደርስ ራሱን አንስቶ በአየሩ ላይ ወዲህና ወዲያ አለ፤ ምንም የለም፤ ተመልሶ ወረደ፤ እንደገና ወጣ። ማረፊያ ያጣ ፍጥረት ነበር። በብልቃጥ ከሽንኩርት ቅጠል ጋር አሳደርኩት፤ አልነካውም። ከልብስ ሰፊው አጥር የጎመን ቅጠል ቀድጄ ጨመርኩለት፤ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ግማሹን ጨርሶታል።

ደሜ ፈላ። ባለሙያ ተብሎ የተላከልን ሰው ሙያውን አያውቅም። ያኔ የመጣልኝ ሐሳብ ይኸው ብቻ ነው። የጎመን ትል በእግሩ ሄዶ ሽንኩርት ላይ እንዴት ወጣ ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የምሠራው፤ ስህተቱን አገኛለሁ፣ ለምን እንደተሠራ አልጠይቅም። አንባቢዎቼ ድፍረት ይሉታል።

በዚያ ሐሙስ ማተሚያ ቤት መብራት ጠፍቶ አባቴ በጊዜ መጣ። ባለ ማጉሊያውንና አክስቴን የሽንኩርቱ መደብ ዳር ቆመው አገኛቸው።

«እኔ የምልዎት» አለ አባቴ «ይሄ ጓሮ ሆስፒታል ሆነ እንዴ? ሦስት ወር ሙሉ ሐኪም አልለየውም።»

ባለ ማጉሊያው ፈገግ አለ። «ጎመኑ ድኗል። ሽንኩርቱ ላይ ግን ትል ታይቷል። ጥቂት ክትትል ይፈልጋል።»

«ምን ያህል ጥቂት?»

«አንድ ወር… ወይም ሁለት።»

«ይሄ ትል ሽንኩርት አይበላም» አልኩ።

አክስቴ ዞረች። «አንቺ፣ ሂጂ ለእንግዳው ውሃ አምጪ።»

«ጆጉ ሞልቷል። ቅድም ነው ያመጣሁት።»

«ቆይ፣ ተያት» አለ አባቴ። ቀይ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ያንን ሳይ መላ ሰውነቴ ሞቀ። «ምን ነበር ያልሽው?»

መጽሐፉን ከቀሚሴ ኪስ አውጥቼ ገጽ አሥራ አራትን ገለጥኩ። ብልቃጤን አሳየሁ፤ ያልተነካውን የሽንኩርት ቅጠል፣ የተበላውን ጎመን። መደቡን አሳየሁ። «ሦስት ሳምንት ትል ነበረበት፤ አንድ ንክሻ የለም። ትሎቹ በረሃብ እየሞቱ ነው። ጋሼ አያውቁትም።»

አባቴ ገጹን አነበበና በእርሳሱ ጫፍ አንዲት ቃል ነካ። «‹ብቻ› ይላል። የጎመን ዘሮችን ብቻ። ‹ብቻ› ምን ማለት ነው?»

ባለ ማጉሊያው ወደ አክስቴ ተመለከተ። ያ አስተያየት ዛሬም ቢሆን ዓይኔ ላይ እንዳለ ነው። የእርዳታ ልመና አልነበረም፤ ቁጣም አልነበረበትም። በር ላይ ቆሞ እስኪከፈትለት የሚጠብቅ ሰው እንደሚያይ ነው ያያት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። አንድ እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው፤ ኪሱ በሆነ ክብ ነገር አብጧል። የቅባቱ ቆርቆሮ እንደሆነ አይቼዋለሁ፤ አይቼ አለፍኩት።

ገመዱ ላይ ያለ አንሶላ ሲርገበገብ ይሰማል። ከዚያ፣

«ልጅቷ ልክ ናት» አለ። «ተሳስቻለሁ።»

«ስንት ዓመት ነው የተማርከው?» «እርስዎ» ማለቱን ትቶ ነበር።

«አራት ዓመት።»

«አራት ዓመት» አለ አባቴ። «እሷ ሦስተኛ ክፍል ናት።» ራሴን በመዳፉ መታ መታ አደረገኝ። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ።»

ባለ ማጉሊያው ጎንበስ አለ። ሽንኩርቱ ላይ የቀሩትን ትሎች አንድ በአንድ፣ ሳይጨፈልቅ፣ መዳፉ ላይ ሰበሰባቸው። ዘጠኝ ነበሩ። የሳሙናው ውሃ እግሩ ሥር ነው፤ አልፎት ሄደ። አጥሩ ሥር ተንበረከከ፣ እጁን በሽቦው ቀዳዳ አሾለከና ትሎቹን የልብስ ሰፊው ጎመን ላይ አስቀመጣቸው።

«አየህ አባባ? ተባይ ከሞት ያተርፋል!» አልኩ።

አባቴ ሳቀ። የአክስቴን ፊት አላየሁም። ባለ ማጉሊያው በዚያች ቀዳዳ ሌላ ሰው ሊሰማው የማይችለውን ነገር እየነገራት ነበር፤ ከየት እንዳመጣሻቸው አውቃለሁ፣ ከመጀመሪያዋ ሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ ያየሁት ትል መግደል የማይችል ባለሙያ ነው።

አባቴ ለጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። ሦስት ጊዜ አርቅቆ ሦስት ጊዜ አረመው። «ከሦስተኛ ክፍል ተማሪ ያነሰ ዕውቀት» የሚለው ሐረግ የሱ ነው፤ «ገጽ አሥራ አራት ይመልከቱ» የሚለው የኔ። እራት ላይ ጮክ ብሎ አነበበልን። እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ጠዋት ተረኛ ነኝ» ብላ ተነሳች፤ ተረኛ አልነበረችም። አክስቴ ሳህኗን ጨረሰች። የኔንም ትርፍራፊ ጨረሰች። ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን መልሳ ስታጥብ ቆየች።

በማግስቱ ጸጉሬን ስትጎነጉነኝ እንደ ወትሮው በቀስታ ነው የጎነጎነችኝ። ብታጠብቀው፣ አንዴ እንኳ ብትጎትተኝ ኖሮ፣ የሆነ ነገር ይገባኝ ነበር።

ነገሩን የሰማሁት በሃያ ዓመቴ ነው። እናቴ ጨርቅ እያጠፈች፣ የአየር ሁኔታ እንደምትናገር ሆና ነገረችኝ።

«ጎመኑ አለቀባት። ምን ታድርግ? ያለው ሽንኩርት ነው፤ የጎረቤቱን ትል ሽንኩርት ላይ አስቀመጠች።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ሥራው አይደል እንዴ? ትሉን ያየ ቀን ነው ያወቀው። አንቺ ዕውቀት ጎደለው አልሽ እንጂ፣ ምስኪን፣ የጎደለው መምጫ ምክንያት ነበር።»

«አባባስ?»

አንሶላውን አራት አጠፈችው። «አባትሽ ፊደል እንጂ ሰው ማንበብ አይችልበትም።»

ለአክስቴ ግን ምንም አላልኳት። ሃያ አምስት ዓመት ምንም አላልኳት። ባለሥልጣንን ፊት ለፊት ውሸታም ያልኩ ሴት፣ አንዲት አሮጊት ፊት ቃል አጣሁ። አባቴ ሲሞት ወደ ኔ ቤት አመጣኋት፤ አራተኛ ፎቅ ነው፣ አንድ ጭብጥ አፈር የለውም። መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ኃላፊ በጻፍኩበት ጽሑፍ ምክንያት ከሥራው ለቀቀ። ስልኬ ሲጮህ ዋለ። ምስጋናውን እየተቀበልኩ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ፤ ደስታም ቢሆን አያስቀምጠኝም።

«ሰውዬው ምን መለሰ?» አለችኝ አክስቴ።

«ምንም። ምን ሊመልስ ይችላል?»

«አንዳንድ ሰው መልስ እያለው ዝም ይላል።»

ስልኩን አጠፋሁት። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «አክስቴ፣ ያኔ እኔ…»

«አንቺ ምን አደረግሽ? የተጻፈውን አነበብሽ። ልጅ ነበርሽ።» ድምጿ እንደ ወትሮው ነው። ጣቶቿ ግን የወንበሩን ክንድ ይዳብሳሉ፤ የማይታይ ነገር ከላዩ እንደሚለቅሙ። «‹እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው።› ሦስት ቃል ነው። ቆሞ ጠበቀኝ እኮ። ስሙ በልጅ ፊት ሲጎድፍ ቆሞ ጠበቀኝ። ወንድም ጋሼን ፈራሁ።»

«ቆይተሽስ?»

«ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ሦስት ሳምንት ነገ አልኩ። ከዚያ ገበያ ብዬ ወጥቼ ቢሮው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ‹በደብዳቤ ነው የተዛወረው› አሉኝ። ከሐይቁ ማዶ ወዳለው የችግኝ ጣቢያ።»

«አድራሻ አልሰጡሽም?»

«ሰጥተውኛል።»

«አልጻፍሽለትም?»

«ምን ብዬ? ይሄ በደብዳቤ የሚባል ነው? ፊት ለፊቱ ነው መባል ያለበት።»

ተነሳሁ። መቼም አመሌ ነው፤ ቁልፌን አነሳሁ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ፣ በሕይወት መኖር አለመኖሩን በሁለት የስልክ ጥሪ አጣራለሁ፣ የሰው ኃይል መዝገብ አለ፣ የጡረታ መዝገብ አለ እያልኩ ክፍሉን ዞርኩ። እሷ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ ታየኛለች።

«ነገውኑ እወስድሻለሁ» አልኳት። «ሐይቁ ማዶ በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«የመኪናውን አላውቅም» አለች አክስቴ። «አውቶቡሱ ግን ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይነሳል። አንድ ሰሞን ረቡዕ አድርገውት ነበር። አሁን መልሰውታል።»